ለቤት ማገዶ የሚሆን መካከለኛ የሞተር መጋዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቤታቸውን ማገዶ ራሳቸው የሚቆርጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ።

ለማገዶ የሞተር መጋዝ የግድ ያስፈልገኛል?

የግድ አይደለም። የሚቆርጡት የክንድ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ከሆነ፣ እሱም በዓመት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ጥሩ የእጅ መጋዝ ይበቃል። እርጥብ እንጨት ላይ የእጅ መጋዝ ሰው ከሚገምተው በላይ ይፈጥናል። ነዳጅ አይጠይቅም፣ ጆሮ አያደነቁርም።

የሞተር መጋዝ ወጪውን የሚያካክሰው ግንድ ሲመጣ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለውን ግንድ ምድጃ በሚገባ ልክ፣ በ33 ሳንቲ ሜትር፣ ለመከፋፈል 11 ጊዜ መቁረጥ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ግንድ አሥር ካለ 110 ቁርጥ ይሆናል። ግንዱ የጭን ያህል ከወፈረ ይህን በእጅ መጋዝ መወጣት የቀናት ሥራ ነው። በሞተር መጋዝ ግን ከግማሽ ቀን አያልፍም።

«መካከለኛ» የሚባለው የትኛው ነው?

አምራቾች መጋዞቻቸውን በጥቅሉ በሦስት ይመድቧቸዋል። ትንሹ ቅርንጫፍ ለመመልመልና ለጓሮ ሥራ ነው። ትልቁ ቀኑን ሙሉ ደን ውስጥ ለሚውል ባለሙያ ነው። መሃል ላይ ያለው ደግሞ ለገበሬ፣ ለቤት ማገዶና ነፋስ የጣለውን ዛፍ ለማንሳት ይሆናል። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 55 ሲሲ ነው (ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት መለኪያ ነው)። ጉልበቱ ከ2 ኪሎ ዋት ትንሽ ከፍ ይላል። ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት) እና ነዳጅ ሳይጨመር ከ4.5 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል።

የባለሙያው መጋዝ የሚለየው በጉልበት ብቻ አይደለም። የሞተሩ ቤት ከማግኒዝየም የተሠራ ነው። ስለዚህ ቀላልም ጠንካራም ነው፣ ፈትቶ ለመጠገንም ይመቻል። መካከለኛው ላይ ብዙ ጊዜ ሞተሩ የሚቀመጠው ፕላስቲክ አካል ውስጥ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ስቲል የተባለው አምራች የሚሠራቸው ኤምኤስ 271 እና ኤምኤስ 261 ሞተራቸው እኩል 50.2 ሲሲ ነው። የመጀመሪያው መካከለኛ ነው፤ 2.6 ኪሎ ዋት ይሰጣል፣ 5.6 ኪሎ ይመዝናል። ሁለተኛው የባለሙያ ነው፤ 3.0 ኪሎ ዋት ይሰጣል፣ ክብደቱ ግን 4.9 ኪሎ ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚቆርጥ ቤተሰብ ያንን ልዩነት መክፈል የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የተረፈውን ገንዘብ ለመከላከያ ሱሪና ለሞረድ ቢያውሉት ይሻላል።

ሞተሩ ስንት ሲሲ ይሁን?

ለአብዛኛው ቤት ከ45 እስከ 50 ሲሲ ልክ ነው። የሚቆርጡት እንደ ጥድ ያለ ለስላሳ እንጨት ብቻ ከሆነና ግንዱም ከ25 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ ከሆነ 40 ሲሲ አያንስም። እንደ ወይራ፣ እንደ ግራር፣ እንደ ደረቅ ባህር ዛፍ ያለ ጠንካራ እንጨት የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ወደ 50 እና 55 ቢጠጋ አይቆጭም።

እኔ የመጀመሪያ መጋዜን የገዛሁት «ትልቅ ቢሆን ይሻላል» ብዬ ነው። ከ70 ሲሲ በላይ ነበር። ሥራ በጀመርኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰው ሲደክም መጋዙን ዘንበል አድርጎ ይይዛል፣ እግሩን ሳያመቻች ይቆርጣል፣ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» ይላል። አደጋ የሚመጣው ያኔ ነው። ጥሩ የማገዶ መጋዝ ማለት ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰዓት ላይም እጅዎ ሳይዝል የሚይዙት ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ባሩ እንደታሰረበት፣ ነዳጁና ዘይቱ ተሞልቶ፣ በሁለት እጅዎ ያንሱት። ወገብዎ ከፍታ ላይ አድርገው አንድ ሁለት ደቂቃ ይያዙት። ክንድዎ መልሱን ይነግርዎታል።

ባሩ ምን ያህል ይርዘም?

ባር የሚባለው ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ለማገዶ 40 ወይም 45 ሳንቲ ሜትር (በኢንች 16 ወይም 18) ይበቃል። መለኪያው ያጋጠመዎት ትልቁ ግንድ ሳይሆን በብዛት የሚቆርጡት ነው። ባሩ ከእሱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢተርፍ ጥሩ ነው። አልፎ አልፎ የሚመጣውን ወፍራም ግንድ ከሁለቱም ጎን ገብተው መቁረጥ ይችላሉ።

ረጅም ባር ጉልበት ይበላል። ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ የሚሞረደው ጥርስ ይበዛል። ጫፉም ከዓይን ስለሚርቅ መሬትና ድንጋይ መንካቱ አይቀርም። 45 ሲሲ ሞተር ላይ ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ባር ታስሮ ከቀረበልዎ አጠር ባለው እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። ብዙ ሻጮች እሺ ይላሉ።

በቤንዚን፣ በባትሪ ወይስ በኤሌክትሪክ ገመድ?

ምድጃው የቤቱ ዋና ማሞቂያ ከሆነ፣ እንጨቱም ያለው ከቤት ርቆ ከሆነ፣ ቤንዚን ነው። ጄሪካን ይዘው ከሄዱ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ጩኸቱ፣ ጭሱና የነዳጅ ድብልቁ ጣጣው ነው።

የባትሪ መጋዝ በጣም ተሻሽሏል። ገመድ ሳቡልኝ አይልም፣ ቁልፉን ሲጫኑ ይነሳል፣ ሲለቁት ዝም ይላል። በየሳምንቱ መጨረሻ ትንሽ ትንሽ ለሚቆርጥ ሰው ዛሬ የምመክረው እሱን ነው። ሲገዙ ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቮልት ብቻ አይዩ። ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ያባዙት። 40 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት 200 ዋት ሰዓት ይሆናል። ያው 40 ቮልት በ2 አምፔር ሰዓት 80 ብቻ ነው። ጠንካራና ወፍራም ግንድ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ ስለዚህ ሁለት ባትሪ ይያዙ። ውዱ ነገር ራሱ ባትሪው ነው። የዚያው ብራንድ ድሪል ወይም ሌላ መሣሪያ ቤት ካለና ባትሪው የሚገጥም ከሆነ ወጪው ብዙ ይቀንሳል።

በገመድ የሚሠራው ርካሽና ቀላል ነው። እንጨቱ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ከሆነ ይበቃል። ረጅምና ቀጭን የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ግን ሞተሩን ያቃጥለዋል፣ ዝናብ ላይም አይሠራበትም። ደግሞ ባትሪም ሆነ ገመድ፣ ድምፁ ዝቅ ስላለ ብቻ እንደ መጫወቻ አይታይ። ሰንሰለቱ እኩል ይቆርጣል። ሰንሰለቱን ከመንካትዎ በፊት ባትሪውን ያውጡ ወይም ገመዱን ይንቀሉ።

የትኛውን ብራንድ ልግዛ?

በዚህ መደብ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ስቲል፣ ሁስክቫርናና ኤኮ ናቸው። ስቲል ኤምኤስ 250 (45.4 ሲሲ)፣ ሁስክቫርና 450 (50.2 ሲሲ)፣ ሁስክቫርና 455 ራንቸር (55.5 ሲሲ)፣ ኤኮ ሲኤስ-490 (50.2 ሲሲ) ሁሉም የቤት ማገዶ ያለችግር ይቆርጣሉ። በእነዚህ መካከል በሚደረግ ክርክር ብዙ ጊዜ አያጥፉ።

ጊዜዎን መስጠት ያለብዎት «ሲበላሽ ማን ይሠራልኛል?» ለሚለው ጥያቄ ነው። ሻጩን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ የዚህ መጋዝ ሰንሰለት አለህ? የአየር ፊልትሮውስ? የማስነሻ ገመዱና ስፕሪንጉስ? ሦስቱን ከመደርደሪያው አውርዶ ካሳየዎት ትክክለኛው ቦታ ላይ ነዎት። «እናስመጣለን» ካለ ቅዝቃዜው ሲገባ መጋዙ ማዕዘን ላይ ቆሞ መለዋወጫ ይጠብቃል። አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ማኪታ የቤንዚን ሞተር መሣሪያ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሞ ወደ ባትሪ ዞሯል። ስለዚህ የማኪታ የቤንዚን መጋዝ ካገኙ መለዋወጫው መኖሩን አስቀድመው ያጣሩ።

መጋዝ «ይራገጣል» የሚሉት ምንድን ነው? ስገዛስ ምን ልይ?

ሰንሰለቱ በባሩ የላይኛው ገጽ ላይ ከሞተሩ ወደ ጫፉ ይሮጣል። የጫፉ የላይኛው ሩብ ጠንካራ ነገር ከነካ ጥርሱ መቁረጥ ያቅተውና ይነክሳል። የሰንሰለቱ ኃይል ሁሉ ባሩን ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ቆራጩ ፊትና አንገት ይወረውረዋል። እርግጫው ይሄ ነው። ሙሉ ነዳጅ ላይ ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በሰዓት ሲሰላ 72 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው «ኧረ!» ብሎ ሳይጨርስ ሁሉም ነገር አልቋል።

አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። የምቆርጠውን ግንድ ብቻ እያየሁ ነበር። ከኋላው የተጋደመ ሌላ ግንድ ነበረ፣ የባሩ ጫፍ እሱን ነካ። መጋዙ ከእጄ ሊያመልጥ ወደ ላይ ዘለለ። ግራ እጄ ከፊት ያለውን መከላከያ ገፋው፣ ቀጭ አለ፣ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከግንዱ ኋላ ያለውን ሳላይ ቆርጬ አላውቅም። ግራ አውራ ጣቴንም የፊት እጀታው ላይ ሳልጠመጥም ነዳጅ አልሰጥም።

ሲገዙ የሰንሰለት ፍሬኑን፣ ማለትም ያንን ከፊት ያለውን መከላከያ፣ በእጅዎ ይሞክሩት። ወደ ፊት ሲገፉት ጠንከር ብሎ መግባት፣ ሲስቡት ደግሞ በንጹህ መውጣት አለበት። እጅ ባይነካው እንኳ በመወርወሩ ኃይል ብቻ የሚገባ መሆኑን ይጠይቁ። ሌላ ሁለት ነገርም መኖር አለበት፤ ቀኝ እጅ ላይ ካልጨበጡት ነዳጅ መስጫውን የሚቆልፍ መያዣ፣ ባሩ ሥር ደግሞ ሰንሰለት ቢበጠስ የሚቀልብ ብረት። የባሩ ጫፍ ጠበብ ያለ፣ ሰንሰለቱም እርግጫ የሚቀንስ ዓይነት ቢሆን ለጀማሪ ይመረጣል።

ምን መልበስ አለብኝ?

መጋዙን ለመግዛት ገንዘብ ካለዎት ለመከላከያውም ይኑርዎት። ካልበቃ ትንሽ ርካሽ መጋዝ ይግዙና ሱሪውን አይተዉት። የመጋዝ ሱሪ በውስጡ ረጃጅም ክሮች አሉት። ሰንሰለቱ ሲነካው ክሮቹ ተስበው ይወጡና ሰንሰለቱን የሚነዳው ፒኞን ላይ ተጠምጥመው ያቆሙታል። መለያው ላይ አይኤስኦ 11393 (ISO 11393) የሚል የደረጃ ምልክት ይፈልጉ። ክፍል 1 በሰከንድ 20 ሜትር ለሚሮጥ ሰንሰለት የተፈተነ ነው፣ ለመካከለኛ መጋዝም እሱ ይበቃል። አንዴ የተቆረጠ ሱሪ ተሰፍቶ አይለበስም።

ጆሮም አይዘንጋ። የቤንዚን መጋዝ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል፣ መስማትን መጉዳት የሚጀምረው ደግሞ 85 ገደማ ላይ ነው። የዓይን መከላከያ፣ ጓንት፣ የማያንሸራትት ጠንካራ ጫማ ይጨመር። ከላይ የሚወድቅ ነገር ካለ ሄልሜት።

ቤንዚንና ዘይት በምን ልክ ይደባለቃል?

ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ መጋዞች 50 ለ1 ነው የሚፈልጉት። ይህም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ማለት ነው። በዓይን ግምት አይሆንም። የሞተሩ ማለስለሻ ያ ዘይት ብቻ ነው። ያለ ዘይት የተነሳ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ፒስተኑ ይፋቃል፣ ከዚያ በኋላ ጥገናው የመጋዙን ዋጋ ይጠጋል። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም።

የተደባለቀ ነዳጅ ከአንድ ወር በላይ አይቀመጥ። በተለይ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ውሃ ይስባል፣ የካርቡራተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ጎማ ነገሮች ያበላሻል። መጋዙን ለወራት የሚያስቀምጡ ከሆነ ታንኩን ባዶ ያድርጉና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ያስነሱት። «ባለፈው ዓመት ጥሩ ነበር፣ ዘንድሮ አልነሳ አለ» ከሚሉኝ ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር የቆየ ነዳጅ ነው።

ለሰንሰለቱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ብጠቀምስ?

አይጠቀሙ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ደቃቅ ብረት አለ። ባሩንና ትንሿን የዘይት ፓምፕ ይበላል። ለጤና ጎጂ የሆኑ ነገሮችም አሉበት፣ ሰንሰለቱ ሲዞር ደግሞ ልብስዎ፣ ፊትዎና ነገ የሚያነዱት እንጨት ላይ ይረጨዋል። የሰንሰለት ዘይት የሚያጣብቅ ነገር ተጨምሮበታል፣ ሰንሰለቱ ሲሮጥ ቶሎ አይወረወርም። መሥራቱን ለማየት የባሩን ጫፍ ወደ ነጣ ያለ ጉቶ ጠጋ አድርገው፣ ሳያስነኩ፣ ነዳጅ ይስጡት። ቀጭን የዘይት መስመር ጉቶው ላይ መታየት አለበት።

ሰንሰለቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

ሰንሰለት ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠየቃሉ። የመጀመሪያው በሰንሰለቱ ሪቬቶች (ማያያዣ ሚስማሮች) መካከል ያለው ርቀት ነው። ተከታታይ ሦስት ሪቬቶች ወስደው ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ይለኩና ለሁለት ያካፍሉት። በመካከለኛ መጋዝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 0.325 ኢንች ወይም 3/8 ኢንች ነው። ሁለተኛው ባሩ ቦይ ውስጥ የሚገባው ጥርስ ውፍረት ነው፤ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር። ሦስተኛው የእነዚህ ቦይ ውስጥ የሚገቡ ጥርሶች ብዛት ነው። ቁጥሮቹ ባሩ ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀርጸው ይገኛሉ። በስልክ ፎቶ አንስተው ቢያስቀምጡ ሱቅ ውስጥ ከመደናገር ይድናሉ። ከሦስቱ አንዱ ከሳተ ሰንሰለቱ አይገጥምም።

የጥርሱ ቅርጽም ምርጫ አለው። ማዕዘኑ ሹል የሆነው በንጹህ እንጨት ላይ ፈጣን ነው፣ ግን አፈር ሲነካው ወዲያው ይዶለዱማል። ማዕዘኑ ክብ ያለው ትንሽ ቢዘገይም ስለቱ ይቆያል። ማገዶ ደግሞ መሬት ላይ የተጎተተ፣ ቅርፊቱ አሸዋ የያዘ እንጨት ነው። ለእሱ ክቡን ይውሰዱ።

መጋዜ አዲስ ነው፣ ግን ሰጋቱራ ያወጣል፣ ወደ ጎንም ይሄዳል። ሞተሩ አንሶኝ ይሆን?

ሞተሩ አላነሰም፣ ጥርሱ ዶልዱሟል። ትልቅ መጋዝ ለመግዛት ከሚያስቡ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው አንድ ክብ ሞረድ ነው። እንጨት የሚቆርጠው ጥርሱ ነው፤ ሞተሩ ጥርሱን ያሮጠዋል እንጂ። የተሳለ ሰንሰለት በራሱ ክብደት እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ የሚወጣውም ጠፍጠፍ ያለ ፍቅፋቂ ነው። እንደ ዱቄት የደቀቀ ሰጋቱራ ከወጣ፣ ወይም መጋዙን መጫን ከጀመሩ፣ ቆም ብለው ይሙረዱ።

የሞረዱ ውፍረት ከሰንሰለቱ ጋር ይሄዳል። ለ0.325 ኢንች ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለትንሹ ዓይነት 3/8 ኢንች 4.0 ሚሊ ሜትር ነው። ለሙሉው 3/8 ኢንች 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ሰንሰለቱ ሥሪት። ጓንት ያድርጉ። ባሩን ሞርሳ ላይ ያጥብቁት። ብዙ ጥርሶች አናት ላይ የአንግሉ ምልክት ተጭሯል፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ ነው። ሞረዱን ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይግፉ፣ ሲመልሱ ያንሱት። ሁለት ወይም ሦስት ግፊት ይበቃል። በጥርሱ ጠርዝ ላይ ብርሃን የሚያበራ ቀጭን ነጭ መስመር ካለ ገና ነው፣ ያ መስመር ማለት የዶለዶመ ጠርዝ ነው። መስመሩ ሲጠፋና ጓንትዎ ላይ የብር ቀለም ያለው ብናኝ ሲቀር ያ ጥርስ አልቋል።

ወደ ጎን የሚሄደው ደግሞ የግራና የቀኝ ጥርሶች ስላልተካከሉ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ወገን እጁ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆሴፍ ኮክስ የሚባል የኦሪገን እንጨት ቆራጭ አንዲት የጥንዚዛ እጭ ግንድ ስትበላ ልብ ብሎ ያያታል። እጯ መንጋጋዋን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያደረገች ትበላ ነበር። እሱም አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ የሚቆርጥ ሰንሰለት ሠራ። ዛሬ የምንገዛው ሰንሰለት የመጣው ከዚያ ነው። አንዱ ወገን ከደከመ ሌላው ይስበዋል። ስለዚህ የሞረድ ግፊቱን ይቁጠሩ፣ በሁለቱም ወገን እኩል ያድርጉ። ከሦስት አራት ሙረዳ በኋላ ደግሞ ከጥርሱ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ ያድርጉ። ከጥርሱ አናት 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ማነስ አለባት። ከዚያ በላይ ካወረዷት መጋዙ ይነክሳል፣ ይራገጣል።

ካርቡራተሩን ራሱ የሚያስተካክል መጋዝ ልግዛ?

ከባህር ወለል ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ይሳሳል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተስተካከለ መጋዝ እዚያ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ይጨሳል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስቲል ኤም-ትሮኒክ፣ ሁስክቫርና ኦቶቱን የሚሉት ይህን ራሱ እያየ ያስተካክላል። ሙቀትና ከፍታ በሚለዋወጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ለሚቆርጥ ሰው ግን በካቻቢቴ የሚስተካከለው ይበቃዋል፣ አንዴ ባለሙያ አስተካክሎለት ይቀጥላል። ራሱን የሚያስተካክለው ሲበላሽ ችግሩን ለማግኘት የአምራቹ ኮምፒውተር ያለው ጥገና ቤት ሊፈልግ ይችላል። ከቦታዎ ምን ያህል እንደሚርቅ አስበው ይወስኑ።

58 ሲሲ የሚል በጣም ርካሽ መጋዝ አየሁ። ከ45 ሲሲው አይሻልም?

ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት ነው፣ ጉልበት አይደለም። የሚታየው ኪሎ ዋቱ ነው። 1 ኪሎ ዋት ደግሞ 1.36 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። 60 ሲሲ የሚጠጉ ምርጥ የባለሙያ መጋዞች የሚሰጡት 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ ከዚያ በላይ የተጻፈበት ርካሽ መጋዝ ካዩ ቁጥሩን አይመኑት። ኪሎ ዋቱ ጨርሶ ካልተጻፈም ጥያቄ ምልክት ያድርጉበት።

ርካሹ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ለአንድ ሰሞን ሥራ የገዙትና ያልቆጫቸው ሰዎች አሉ። ፍሬኑ ላይ ግን ድርድር የለም። በተጨማሪ የታወቀ ብራንድ ስም ተለጥፎበት የሚሸጥ ፎርጅድ አለ። የአምራቹ መለያ ቁጥር አካሉ ላይ መኖሩን፣ ሻጩም ዋስትና በጽሑፍ መስጠቱን ያረጋግጡ።

ያገለገለ የባለሙያ መጋዝ ወይስ አዲስ መካከለኛ?

በደንብ የተያዘ ያገለገለ መጋዝ ከአዲስ መካከለኛ ሊሻል ይችላል። ሞተር የሚያይ ሰው ከሌለዎት ግን አዲሱን ይግዙ። የራስዎን ዓይን የሚያምኑ ከሆነ ሻጩ ከመምጣትዎ በፊት እንዳያስነሳው ይንገሩት። ቀዝቅዞ ሲነሳ ማየት አለብዎት። ሞቆ የጠበቀዎት መጋዝ የሚደብቀው ነገር ሊኖረው ይችላል።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መጋዙን በማስነሻ ገመዱ ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ያንጠልጥሉት። ኮምፕረሽኑ ጥሩ ከሆነ ቆም እያለ፣ እየተንገራገጨ ይወርዳል። ሽር ብሎ ከወረደ ሞተሩ ደክሟል። ቀጥሎ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) የያዙትን ሁለት ሦስት ብሎኖች ያስፈቱና በቀዳዳው በባትሪ መብራት ፒስተኑን ይዩ። ጎኑ ለስላሳና ብርሃናማ መሆን አለበት። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጭረት ካለ ያ ሞተር አንድ ጊዜ ያለ በቂ ዘይት ሳይሠራ አልቀረም። ካንዴላውንም ያውጡ። ቡናማ ቀለም ጤነኛ ነው፣ ነጭ ከሆነ ሞተሩ ሲቃጠል ቆይቷል። በመጨረሻ የሰንሰለቱን ሽፋን ከፍተው ፒኞኑን በጣትዎ ይዳስሱ። ሰንሰለቱ የፈጨው ቦይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከደረሰ ፒኞኑ መቀየር አለበት፣ ያንን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ሻጩ ማርሚታውን አላስፈታም ካለ አመስግነው ይሂዱ።